ውሃችንን ከኩዌት ላሳየን ኩባንያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ታይሙር ሸውቂ
የሐማማ ማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያ የአገራችን ተጠሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላም በእርስዎና በባልደረቦችዎ ላይ ይሁን እያልኩ፣ ሆድዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በእኛ በዱምያጥ ከተማ የአናጢዎች ሰፈር ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰላምታ የሚጀምረው ከሆድ ነውና እንደ ብልግና አይቁጠሩብኝ።

እኔ ኢንሺራህ አል-ማንዛላዊ ጡረታ የወጣሁ የሥዕል መምህርት ነኝ። የቧንቧችን ውሃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው በላይኛው መንገድ ነው፤ እዚያ ጠቁሮ ይወርዳል። እኛ ታችኞቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆሻሻው በጣሪያ ታንከራችን ውስጥ ስለሚዘቅጥ መልኩ ይጠራል፣ ሆዳችንን ግን አይምረውም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ከረውሒያ ጋር ሆነን በኩባንያዎ ላይ «የዛሬው ብርጭቆ» የሚል ገጽ ከፈትን። ላይኞቹ በየማለዳው ብርጭቆ ሞልተው ፎቶ ያነሳሉ፤ እኛ አይተን እንጠጣለን ወይም እንተዋለን። አንድ ጎረምሳ የውሃ ኃላፊውን እናት በስድብ አንስቶ የጻፈውን እንኳ፣ ክቡርነትዎን እንዳናደክም ብለን ራሳችን አጠፋነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ገጹ «ሕዝብ ያስደነግጣል» የሚል የመንግሥት ትእዛዝ በደረሰዎት ዕለት፣ የጣድነው ሻይ ሳይፈላ ዘጋችሁልን። የሟች ባለቤቴን ፎቶ ለጥፎ የፀጉር ማብቀያ ቅባት የሚሸጠውን አጭበርባሪ እንድታስወግዱልኝ ከጻፍኩ ግን ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ራሰ በራ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበብዎ። ገጹ የተዘጋው አገር ውስጥ ላለን ብቻ በመሆኑ፣ ፎቶ መለጠፍ ተፈቅዶልናል፤ ማየት ግን አልተፈቀደልንም። ኩዌት የሚሠራው የእህቴ ልጅ ግን ያያል። ስለዚህ ከዚያ እየደወለ «አክስቴ፣ ውሃችሁ ዛሬ ጠቁሯል፤ እንዳትነኩት!» ይለኛል፤ እኔም በረንዳ ወጥቼ ለሰፈሩ እጮኻለሁ። ከጭንቅላታችን በላይ ያለው ውሃ ባሕር ተሻግሮ ሲነገረን፣ የቴክኖሎጂን ጥቅም ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሦስተኛውን በቀልድ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ማለዳ የእህቴ ልጅ ሥራ በዝቶበት ሳይደውል ቀረ። የረውሒያ ባል ገሪብ፣ የሰፈራችን ምርጥ አናጢ፣ ከታንከሩ የተቀዳ ጥርት ያለ ውሃ ጠጥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ማታ ሆስፒታል ገባ። ልጠይቀው ስሄድ ክንዱ ላይ መርፌ እንደተሰካበት፣ «ኢንሺራህ፣ የዛሬውን ብርጭቆ ማን አየው?» አለኝ።

«ማናችንም አላየነውም» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ዛሬ መጋዝ ማንሳት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ከላይኛው መንገድ ሴቶች ጋር መከርን። ውሃው ሲጠቁር፣ እኛ ከታች አይተን እንድናውቅ ጥቁር ልብስ በረንዳ ላይ ማስጣት ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» ሲል፣ አንዷ «የባሌ ካልሲ ነው ልጄ፤ ከፈለግከው ታጥቧል» አለችው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ለብሶ፣ ለሠርግ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ሲጠይቅ ጊዜ፣ ሹሞቹ አፈሩና የዛገውን ቧንቧ ቆፍረው ቀየሩት። ውሃው አሁን ንጹሕ ነው። ገጹ ግን እንደተዘጋ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ስልክ ጥሪዎ። ቧንቧው ከመቀየሩ በፊት በአንድ ማለዳ «እትዬ ኢንሺራህ፣ ይቅርታ፤ ውሃው ዛሬ እንዴት ነው? እናቴ ስልክ አታነሳም» ብለው ደውለውልኝ ነበር። እናትዎ ሐጃ ንእማት ከኔ በላይ ፎቅ እንደሚኖሩ ያውቃሉና። ላይኞቹ ጥቁር ልብስ አስጥተው ነበርና፣ ስልኩን እንደያዝኩ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ብርጭቆውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ «ልጄ፣ በል ገጹን ክፈትልን» አልኩዎት።

«እጄ ታስሯል። እምቢ ካልን ኩባንያውን በሙሉ ይዘጉታል፤ ያኔ ሁላችሁም ከነጭራሹ ታጣላችሁ» አሉኝ። ፍርሃትዎን አልንቅም፤ ከሥርዎ ብዙ ሠራተኛ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ትእዛዙን ማን እንደ ፈረመው አንዴ ቢጠይቁ፣ ለእኛም ቢነግሩን፣ በቅባት ነጋዴው ላይ ያቀረብኩትን አቤቱታ በሚያዘገዩበት ዓይነት ትዕግሥት ትእዛዙንም ጥቂት ቢያዘገዩት ምን ነበረበት? ስልኩን ሲዘጉ «መደወሌን ለማንም አትንገሪብኝ» አሉኝ። እኔም፣ እንደሚያስታውሱት፣ እሺ አላልኩም።

ለኩባንያዎ ዕድገትን፣ ለእርስዎ ሰላማዊ እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ ገጻችንን እንዲከፍቱልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የማይነጥፍ አክብሮት ያላት ደንበኛዎ፣
ኢንሺራህ አል-ማንዛላዊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናትዎ አነበብኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሐጃ ንእማት ግን፣ «ለኔ እሱ ደወለልኝ፤ ለገሪብ ማን እንዲደውልለት ነበር ያሰበው?» አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን አስመጥተው ከስሜ ሥር ፈረሙ።

ንእማት፣ የታይሙር እናት