ለምሳ ትመለሳለች ስለተባለችው እኅቴ

ለተከበሩ የምስጢር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ለታናሽ እኅቴም እንዲሁ እመኝ ነበር፤ ነገር ግን የእሷ ጤና በእጅዎ ስለሆነ መመኘቱን ትቼ መጠየቅ ይሻለኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ አውጥቻለሁ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ያጡት በሥራ ብዛት እንጂ በንቀት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ አንባቢዎችም እንደ እኔ እርግጠኛ እንዲሆኑ ነገሩን ከመነሻው አስረዳለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እኅቴ፣ እኛ ቤት ሚጢ የምንላት፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት፤ ሥራዋም ንጹሕ ሒሳብ ነው፣ ማለትም እናታችን ለጎረቤት ማስረዳት አቅቷት «ታስባለች» ብላ የምታልፈው ዓይነት ሥራ። ሚጢ ዓመታት ስታስብ የኖረችው ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ነው። የዛሬው ኮምፒውተር የማይፈታውን ምስጢር ይፈታል የሚባለው ይህ ማሽን በሚፈለገው መጠን ገና የትም ተሠርቶ አላለቀም፤ ሲያልቅ ግን ምን መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል ከወዲሁ በወረቀት ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። መሥሪያ ቤትዎ የባንኩን፣ የሆስፒታሉንና የራሱን መልእክት የሚቆልፍበትን አዲሱን የምስጢር መቆለፊያ ሲያስመርቅ፣ ኳንተም ኮምፒውተር እንኳ አይከፍተውም ብለው በቴሌቪዥን መናገርዎን ያስታውሳሉ። እኅቴም ሰማችዎት። ከዚያም ቁጭ ብላ፣ ያንን መቆለፊያ የሚከፍት አጭር መንገድ መኖሩን አረጋገጠች።

ለመጽሔት ከመላኳ በፊት ለእርስዎ መንገር ይገባል ብላ፣ ካፖርቷን ለብሳ በገዛ እግሯ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣች። ማንም አላስገደዳትም። እኔ እባክሽ ተይ ብያት ነበር፤ እሷ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ መሆኑን ለባለቤቱ መንገር ምን ነውር አለው ብላ ሳቀችብኝ። ስለ መስተንግዶዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ውኃ ሰጥተዋታል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ጥቃቅን ቅሬታዎች ይህን ውለታዎን የሚያስረሱ እንዳይመስልዎት።

አንደኛ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በማለዳ መኪናዎ ሊወስዳት ሲመጣ ጸጉሯ ገና አልደረቀም ነበር። እናታችን ሹራብ ትያዝ ብትል፣ ግራጫ ኮት የለበሱት ትሑት ባልደረባዎ አያስፈልጋትም እናቴ፣ አጭር ማብራሪያ ሰጥታ ለምሳ ትመለሳለች አሏት። የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው። ዝናቡ ወጥቶ ብርዱ ገብቷል። እናቴ ዛሬም የሚጢን ድርሻ ሳሕን ላይ አድርጋ ትከድናለች፤ ሲመሽ እኔ እበላዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ሚጢ የምትሠራው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን በተሰቀለች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። የሰሌዳዋን አንድ ጥግ እናቴ ገበያ ስትሄድ እንዳትረሳ የምትገዛውን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ትጽፍበታለች። ባልደረቦችዎ መጥተው ሰሌዳዋን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ከጠቀለሉ በኋላ፣ ጥጉ ላይ ያሉት ሦስት ፊደላት ምን እንደሚወክሉ እናቴን ሲመረምሯት ዋሉ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና ነው ብትላቸው አላመኑም፤ እንግዲያው ሳሙናው ከዘይቱ በኋላ ለምን መጣ አሏት። እናቴም ቅደም ተከተሉ ካስጨነቃችሁ ዘንቢሉን ያዙልኝና አብረን እንሂድ አለቻቸው፤ ይህም በጥንቃቄ ተመዘገበ። የደም ግፊት እንዳለባት ስነግራቸው ያንንም መዘገቡ። በማስረጃነት ከተያዘችው ሰሌዳ ምስማሯ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ሒሳብ ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። እኅቴ ያረጋገጠችው መንገዱ መኖሩን ነው፤ መንገዱን አላገኘችውም። መሥሪያ ቤትዎ ግን «አለ ካለች ታምጣው፤ ካላመጣች ደብቃለች ማለት ነው» የሚል አቋም መያዙን ባለ ግራጫ ኮቱ በትሕትና ነግረውኛል። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከአራት መቶ ይበልጣሉ፤ የዓመቱ ቀናት ደግሞ ያን ያህል አይሞሉም። ስለዚህ ልደታቸው በአንድ ቀን የሚውል ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች መኖራቸውን ማንንም ሳልጠይቅ እምላለሁ። እነማን ናቸው ቢሉኝ ግን አላውቅም፤ ቢያስሩኝም አላውቅም። በሒሳብ ውስጥ እንዲህ ያለ እውቀት ሞልቷል፤ አንድን ነገር አለ ብሎ ማረጋገጥና ነገሩን በእጅ መያዝ በመካከላቸው የሰው ዕድሜ ሊያልፍ ይችላል። እኅቴን ከወሰዳችሁ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚከታተሉኝ ባልደረባዎ ይህን ትምህርት አንድ ቃል ሳይጥሉ ጽፈዋል፤ በፈተናው ከግማሽ በታች ቢያመጡም ጠርተው ቢጠይቋቸው ሳይረዱዎት አይቀሩም።

አራተኛ፤ መሥሪያ ቤትዎ ለሥራዋ ስላሟላላት ምቹ ሁኔታ ምስጋና ባላቀርብ ግፍ ይሆንብኛል። ጠረጴዛ፣ ወንበርና የማያቋርጥ መብራት እንዳላት፣ መስኮት ግን ሐሳብ ስለሚበትን እንደተተወ ሰምቻለሁ። ባለ ግራጫ ኮቱ በተለይ የኮሩበትን አሠራር እንዲህ ሲሉ አጫውተውኛል፤ በየቀኑ የጻፈችው ወረቀት ሁሉ ሲመሽ ተሰብስቦ ይታሸጋል፤ ሲነጋ ግን አይመለስላትም፤ ምክንያቱም ወረቀቱ አንዴ ከታሸገ በኋላ ለማየት እሷ የሌላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኅቴ በየማለዳው ትናንት የጀመረችውን ከሀ ትጀምራለች። በዚህ ዓይነት መንገዱን ፈልጊ ብሎ ሰውን ማስቀመጥ፣ ይቅርታዎን ይሁንና፣ የሚሞላውን ባልዲ ከሥር እየቀደዱ ለምን አልሞላም ብሎ መቆጣት ነው። ቅሬታው በተዋረድ እንዲቀርብ ተነግሮኝ አቅርቤያለሁ፤ እሱም ታሽጓል።

በሳምንት አንድ ጊዜ እንድትደውል መፍቀድዎ ሳይጠቀስ አይለፍ። ሌላ ሰው መስመሩ ላይ ሆኖ እንደሚተነፍስ እንሰማለን፤ ከልምድ ብዛት እናቴ ለእሱም እንደምን ሰነበትክ ማለት ጀምራለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚጢ ራሷ ነበረች፤ ትቀልዳለች፣ የእናቴን መድኃኒት ትጠይቃለች፣ እቤት ወንበሯ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ቅኔ መሰል ስድብ ትልካለች። ከዚያ ቃሏ እያነሰ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ በመኝታ ክፍሏ መስኮት ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ክፍል ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ጠዋት ነው ሚጢዬ አልኋት። አመሰገነችኝ፤ እኔን፣ እኅቷን፣ እንደ ባዕድ ሰው «አመሰግናለሁ» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እናቴ ምን አለች ብላ ስትጠይቀኝ ደህና ናት ብዬ ዋሸኋት።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም ቅሬታ ሳይሆን ጥያቄ ነው። መንገዱን ካላገኘች ደብቃለች ትላላችሁና አትለቋትም። ካገኘችውስ? እንዲህ ያለ ነገር በጭንቅላቷ የያዘችን ሴት በር ከፍታችሁ ሂጂ፣ ምሳሽ ደርሷል ትሏታላችሁ? ነገሩን ስገለብጠው ከርሜ ሦስተኛ መውጫ አላገኘሁለትም፤ እርስዎ ያውቁት እንደሆን ይንገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ጨዋታዬን ለአንድ አፍታ ልተወውና በግልጽ ልናገር፤ ፈርቻለሁ። የምፈራው እንዳይመቷት አይደለም። ማንም ክፉ ቃል ሳይናገራት፣ ሁሉም በትሕትና አንቱ እያላት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተረስታ እንዳታልቅ ነው የምፈራው። እሷን ዘግቶ መንገዱን መዝጋት እንደማይቻልም ልብ ይበሉ፤ ሒሳብ የአንድ ሰው ርስት አይደለምና በሌላ ከተማ፣ በሌላ ወጥ ቤት፣ ሌላ ሰው እየፈለገው ነው። የሚብሰው ደግሞ ሚጢ ወደ እርስዎ የመጣች ዕለት የተሻለ መቆለፊያ የማሰብ ሥራ ጀምራ ነበር፤ ስለዚያ የጠየቃት ግን የለም።

እንግዲህ ለእኅቴ ስላደረጉላት ጥበቃ፣ ለእናቴ ስለሰጧት የማያልቅ ተስፋ፣ ለእኔም ከኋላ ወንበር ስለመደቡልኝ ተማሪ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ ልጆችዎም የትም ቢሄዱ በተባለው ሰዓት እንዲመለሱልዎ ከልብ የምመኝ፣ ታዛዥዎና ተጠባባቂዎ፣

የሚጢ ታላቅ እኅት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፤ በዚያ መቆለፊያ ተቆልፎ በመስመር የሚያልፍን መልእክት ሁሉ ዛሬ መክፈት ያልቻሉ ሰዎች እየቀዱ እያስቀመጡት ነው፤ የሚከፈትበትን ቀን ይጠብቃሉ። እኅቴን ማን እንዳስወሰዳት፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደተደረገባት የሚናገሩትና የእርስዎ ፊርማ ያለባቸው ደብዳቤዎች የተላኩት በዚያው መቆለፊያ ነው። እነዚያ ደብዳቤዎች የሚነበቡበት ቀን አለ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ብቻ ነው የማይታወቀው። ያን ቀን እናቴና እኔ የምናነበው ሚጢን መካከላችን አስቀምጠን ይሁን ወይስ ፎቶዋን፣ ያንን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።