ሊቀመንበሩ ያየው ጢም

ሰኞ
አባባ ምላጩን ቀሙኝ። የቄስ ልጅ ጢም ሲያወጣ ይመሰገናል እንጂ ይላጫል ወይ አሉ። ትናንትም ከቅዳሴ በኋላ «ለክህነት የደረሰ ልጅ አለኝ» እያሉ ለሰዉ ሁሉ አሳይተውኛል። ጢሙ ግን የኪኒኑ ነው። ሐኪሙ ለችፌዬ ያዘዘልኝን ከጀመርሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እጄና አንገቴ ጠርተዋል። በምትኩ ጉንጬ፣ ግንባሬ፣ ክንዴ ሳይቀር ፀጉር ለበሰ። ዕድሜዬ ገና ዐሥራ ስድስት ነው።

ማክሰኞ
ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለውትድርና ቀበሌ ይቅረብ ተባለ። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ግሽ አባይ ቀበሌ፣ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? የቀበሌው ሊቀመንበር ዕድሜ የሚለካው በአገጭ ነው። መንገድ ላይ አገኘኝና አገጬን ቀና አድርጎ አየ። «እንዳትቀር» አለኝ።

ረቡዕ
አባባ ምላጩን ራሳቸው መለሱልኝ። ምን ያደርጋል? ሰውዬው አይቶኛል። ቀበሌ ሄደው «በአርባ ቀኑ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ፣ ዕድሜውን የማውቀው እኔ ነኝ» ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ ሳቀ አሉ።
«ለክህነት ደረሰ ያሉት እርስዎ አይደሉም? ለክህነት የደረሰ ለጠመንጃ አይደርስም?»
አባባ ከቀበሌ ከመጡ ጀምሮ ዓይኔን አላዩም።

ሐሙስ
በጀልባ ጎርጎራ፣ አጎቴ ዘንድ ልጥፋ አልሁ። እማዬ ከጠፋህ አባትህን ያስሩብኛል ብላ አለቀሰች። ተቀመጥሁ። ብሄድም ጥፋት፣ ብቀርም ጥፋት።
ማታ ኪኒኑን አልዋጥሁም። ሐኪሙ በድንገት እንዳታቆም ብሎኝ ነበር። ፈራሁ፣ ግን ጢሙ ቢረግፍ ወይም ችፌው ቢመለስ አይወስዱኝም ብዬ አልዋጥሁም።

ሰኞ
ክርኔ ላይ ጀመረ። ችፌ በመምጣቱ ደስ ያለው ሰው ከእኔ በቀር ይኖራል? እማዬ አየችና ኪኒኑን በውኃ ይዛ መጣች። አፌን ገጠምሁ። አባባ «ተይው» አሏት።

ዓርብ
አንገቴ፣ እጄ፣ ጉንጬ ቆስሏል። ሸሚዙ ይጣበቅብኛል። ሐይቁ ዳር ሄጄ ክንዴን ውኃ ውስጥ ነከርሁ። ትንሽ በረድ አለልኝ። ጢሙ ግን እንዳለ ነው፣ አንድም አልረገፈም።

ቅዳሜ
ቀበሌ ቀረብሁ፤ መልማዮቹን የሚመረምረው የጤና ሠራተኛ ሸሚዜን አስወልቆ አየና ወደ ኋላ አለ። «ጓዶቹ ላይ ሁሉ ይጋባል፣ ይመለስ» አለ። ችፌ እንደማይጋባ እያወቅሁ ሸሚዜን መልሼ ለበስሁ። ሊቀመንበሩ ስሜን አልሰረዘም። አጠገቡ አንድ ነገር ጽፎ «ሲድን ይምጣ» አለ።
አባባ እቤት ድረስ እጄን ይዘው መጡ። ቁስሉን አልተጸየፉም።
ኪኒኑ ራስጌዬ ተቀምጧል። ሲያሳክከኝ አየዋለሁ። መዳን እፈልጋለሁ።