በጠረጴዛዬ ላይ ስላለችው ያላለቀች መርከብ የሰጠሁት ቃል

እኔ፣ የመርከብ አምሳያ ሠሪው ሁለተኛ ልጅ፣ ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ፣ ዛሬ ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ በተከራየሁት ክፍል አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃል አስጽፋለሁ። ነገ ጠዋት ልቤ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። ሐኪሙ «አይዞሽ» ብሎኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ስንቱ እንደሚነሣ ስጠይቀው ግን ወሬ ቀየረ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የታመመው ልቤ ነው፤ እሱም ቢሆን የረሳው ነገር የለም። ማንም አላስገደደኝም፤ የሚሞክርም አይመስለኝም።

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋና ከታች ሱቅ ያለው መነጽር ሠሪ። የሚጽፈው የጠበቃው ጸሐፊ ነው። እናቴ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድሜን ጠርቼዋለሁ፤ ገና አልመጣም። ሳይመጣ እንጀምራለን።

አንደኛ። ዕዳ የለብኝም። ይህን ስል እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የማወራው ስለ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴ በሙሉ የንድፍ ሥዕል ላስተምርበት ለነበረው የሙያ ትምህርት ቤት ይሰጡ። የምህንድስና ዲግሪዬ ከነፍሬሙ ለእናቴ ይሁን፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ትወደዋለች።

ሦስተኛ። አልጋዬን ልብስ ሰፊዋ እንድትወስድ ፈልጌ ነበር። ጸሐፊው ምስክር ወራሽ አይሆንም አለ። እሷም «ተገላገልኩ፤ ድሮስ የበሽተኛ አልጋ ለምኔ ነው» አለች። ይጻፍ አልኩ። ጸሐፊው «ይሄ እንኳ ያስፈልጋል?» አለኝ። ያስፈልጋል፤ በዚህ ክፍል ውስጥ ያሳቀችኝ እሷ ብቻ ናት። አልጋው ከእኔ በኋላ ለሚከራየው ሰው ይቅር።

አራተኛ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በጠረጴዛዬ ላይ፣ በሞርሳ ተቆንጥጣ የተያዘች ባለ ሦስት ምሰሶ የእንጨት መርከብ አለች። አከርካሪዋና የጎን አጥንቶቿ ቆመው አልቀዋል፤ ገላዋ ግን ከወገቧ በታች ገና ጣውላ አልለበሰም። እጄ ጠማማ እንዳልሆነ ትመስክርልኝ ብዬ የጀመርኳት መርከብ ናት፤ ሳትጠናቀቅ ከቀረች ምስክርነቷም ይቀራል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መርከብ የምትለብሰው በቀጫጭን ጣውላ ነው። ጣውላው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ሲለሰልስ በጣት እየታጠፈ ከአጥንቶቹ ጋር ይስማማል፤ ጠርዙ በመላጊያ ይሳሳል፤ ኮላ ተቀብቶ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። በአባቴ ወርክሾፕ አንድ ሕግ ነበረ። ቀኙ አንድ ጣውላ ከለበሰ፣ ሌላ ከመነካቱ በፊት ግራው አቻውን ይለብሳል። ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አከርካሪውን ወደ ራሱ ይጎትታል። የሚጎትት ኖሮ የሚመልስ ከሌለ መርከቢቱ ትጣመማለች። ከዚያ ወዲያ የሚያቃናት የለም።

ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ ቤተ መዘክር የምንሠራት መርከብ ተጣመመች። አባቴ እንጨት ሊገዛ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ወንድሜ ደንበኞቹ ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ያለቀች መስላ እንድትታይ ቀኝ ጎኗን ከላይ እስከ ታች ብቻውን አለበሰው። «ግራውስ?» ብዬ ብጠይቀው «ግራውን ግድግዳው ያየዋል» አለኝ። ደንበኞቹ አይተው፣ ተደስተው ሄዱ። አባቴ ሲመለስ አከርካሪዋ እንደ ሙዝ ጎብጦ ጠበቀው። ወንድሜ «እሷ ናት፤ ከመጽሐፍ ያነበበችውን ልሞክር ብላ» አለ። አባቴ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። እጁን ዘርግቶ የወርክሾፑን ቁልፍ ተቀበለኝ። መርከቢቱ ማገዶ ሆነች፤ እኔም በሙያው ሰዎች ዘንድ «አጣማሚዋ» ተባልኩ። አባቴ ሲሞት እንኳ አላስጠራኝም።

ስለዚህ በጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን መርከብ ለወንድሜ አወርሳለሁ፤ በአንድ ሁኔታ። ያችን መርከብ ያጣመመው እሱ መሆኑን በእነዚህ ምስክሮች ፊት ይናገር። ካልተናገረ መርከቢቱ ትፈለጥ። ልብስ ሰፊዋ «ለምን ለሌላ ሰው አትሰጫትም?» ብላ ጠይቃኛለች። የአባቴን የጣውላ አለባበስ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ውሸታም ነው፤ እጁ ግን ጥሩ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

እዚህ ላይ ወንድሜ ገባ። ጸሐፊው አራተኛውን አንቀጽ ደግሞ አነበበለት። ሰምቶ ሲጨርስ ያየው እኔን አይደለም። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መርከቢቱን ከኋላዋ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አያት።

«ቀጥ ብላለች» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይቺን ልታስፈልጫት ነው?»

«አንተ ዝም ካልክ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ሆድ ዕቃሽን ሊከፍቱት ዛሬ ትነግጃለሽ?»

«የሚከፍቱት ልቤን ነው። ቢያንስ እሱን እወቅ።»

መነጽር ሠሪው «ወንድም፣ ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም አጭር ነው» አለው። ወንድሜ ጣቱን በመርከቢቱ ጎን ላይ አሳለፈ። ልብስ ሰፊዋ «አፉ ላይ ኮላ ፈሶበታል እንዴ?» አለች።

ያን ጊዜ እናቴ ከመስኮቱ ሥር ተናገረች። ያለችው እንዳለ ይጻፍ።

«ተይው ልጄ። አባትሽ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«የማን ሥራ እንደሆነ። የሁለታችሁን እጅ ሳይለይ ቀርቶ ነው? በገባ በዚያው ዕለት ነገረኝ። እሷ ትምህርት አላት፣ የትም ገብታ እንጀራዋን አታጣም፤ እሱን ከዚህ ቤት ባስወጣው የት ይወድቃል አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? ሁለታችሁም የሆዴ ልጆች ናችሁ።»

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሱም አያውቅም ነበር፤ ከፊቱ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ዓመት አባታችንን ያታለለ መስሎት ኖሯል። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀኝ። ውኃ ጠጣሁ።

አምስተኛ። በአራተኛው አንቀጽ ያስገባሁት ሁኔታ ይሰረዝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝ። ምክንያቱን እናገራለሁ። ያን ቃል ከወንድሜ የፈለግሁት አባቴ ተታልሎ ሞተ ብዬ ነው። አባቴ አልተታለለም፤ መረጠ። ቢገፋ የማይወድቀው የትኛው ልጁ እንደሆነ አይቶ እኔን ገፋ። የተማርኩት ለመገፋት እንደሆነ ግን ገምቼ አላውቅም ነበር። እንግዲህ በመርከብ የተገዛ ቃል አልፈልግም።

መርከቢቱ ያለ አንዳች ሁኔታ የወንድሜ ትሁን። በጠረጴዛው መሳቢያ ያለችው የአባቴ ትንሿ የነሐስ መላጊያ አብራት ትሂድ። ቀኙና ግራው ዛሬ እኩል ናቸው። እኔ ያለበስኩት የሚያበቃበትን በእርሳስ አስምሬአለሁ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው በስሜ ይጠራ። ከመስመሩ በታች አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ። ደንበኛ ቢመጣም፣ ሚኒስትር ቢመጣም፣ አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ። ይህ ስጦታ ፍቅር ነው ተብሎ እንዳይተረጎም፤ ሥራ ነው። ይቅርታ በዚህ ኑዛዜ ውስጥ አልተካተተም።

ስድስተኛ። እናቴ የቤቱን ሰላም ለመጠበቅ ስትል ዝም ብላለች። የሰላሙ ዋጋ የተከፈለው በእኔ ነው። ይህን የምለው እንድትጸጸት ሳይሆን እንድታውቀው ነው። ነገ ጠዋት ሆስፒታል የምታደርሰኝ እሷ ናት፤ ሌላ ሰው አልፈልግም።

ሰባተኛ። ከነገው ጠረጴዛ ከተነሣሁ ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም። መርከቢቱም የእኔ ናት፤ እኔው እጨርሳታለሁ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እንግዲያ ተነሺ» አለ። ጸሐፊው ይህም ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይጻፍ።

ከላይ ያለው ሁሉ ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አውቄ ፈርሜአለሁ።
ተናዛዧ፦ (ፊርማ)

ስትናገር ሰምተናል፤ ሲጻፍም አይተናል።
ልብስ ሰፊዋ፦ (ፊርማ)
መነጽር ሠሪው፦ (ፊርማ)

ጸሐፊው የወራሽ ፊርማ እንደማያስፈልግ ቢነግረውም፣ የተናዛዧ ወንድም ብዕሩን ተቀብሎ የሚከተለውን በእጁ ጽፏል፦

ሲነበብ ነበርኩ። የዚያችን መርከብ ቀኝ ጎን ብቻዬን ያለበስኩት እኔ ነኝ። እህቴ «ግራውስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።
ታላቅ ወንድም፦ (ፊርማ)

ከዚህ በላይ ያለውን ወንድሜ የጻፈው ማንም ሳይጠይቀው ነው። እንዲጽፍ አላዘዝኩም። እንዲሰረዝም አላዝም።
ተናዛዧ፦ (ፊርማ)