ከሞተች በኋላ ያወቅነው

ረቡዕ

ዛሬም ሦስት ሰው «አውቄው ነበር» አለ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሰው ለቅሶ ላይ ምን ይቆጥራል? እኔ ግን ቆጠርኩ።

ፅጌ ከሞተች አምስተኛ ቀኗ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን የኖርን፣ እሷ እዚያ ሆና ስትስቅ እኔ እዚህ ሆኜ የምስቅላት ጎረቤቴ። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ልቧ ነው፣ አልቋል አሉን። በቃ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ማን ምን እንዳለ ግን ልጻፍ። እትዬ በላይነሽ፦ «ጥርሴ ሲወልቅ በህልሜ አይቼ፣ የዚህ ግቢ ሰው ነው ብዬ ነበር።» ባለሱቁ ከድር፦ «የሱቄን በር ተደግፋ ስትተነፍስ አይቼ፣ ይቺ ሴትዮ ደህና አይደለችም አልኩ በልቤ።» አንዷ የእድር ሴት ደግሞ፦ «ፊቷ ከጾሙ ወዲህ ጠቁሮ የለ እንዴ!»

አራተኛዋ እኔ ነኝ። «ያን ሳምንት እጇን ስይዘው በረዶ ሆኖ ነበር እኮ፤ ያኔውኑ አውቄው ነበር» ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ባሏ ጋሽ መኮንን ፍራሹ ላይ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም።

ሐሙስ

የደንበኛ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም በመርፌ ልጠቅም ቁጭ ብዬ ጣቴን ወጋሁት። ተውኩት።

ልጇ ሜሮን መጣች። ዓይኗ አብጧል። «እትዬ አሰለፍ፣ አባዬ እህል አልቀምስም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያየውን፣ ሠላሳ ዓመት አብሬያት የኖርኩት እኔ አላየሁም ነው የሚለው። ከእሑድ ጀምሮ ውሃ ብቻ» አለችኝ።

ይሄንን ያደረግነው እኛ ነን። እኛ «አውቀን ነበር» ባልን ቁጥር ያላወቁት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ክፉ አስበን አይደለም እኮ። ማለቴ፣ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ አይወጣም፤ የሆነ ነገር ይላል።

ግን እኔስ? አውቄ ከነበረ ለምን እጇን ይዤ አልወሰድኳትም? ላንቻ ክሊኒክ ሞልቷል፤ በታክሲ እዚህ ነው። ካላወቅሁ ደግሞ ለምን አውቄው ነበር አልኩ?

ፍርሃቴን ልጻፍ። ባለፈው ዓርብ የጨረስኩት አሮጌው የዕለት ማስታወሻ ደብተሬ መሳቢያው ውስጥ አለ። የዚያ ሳምንት ነገር ሁሉ እዚያ ነው። አልከፈትኩትም። ሁለት ጊዜ መሳቢያውን ስቤ መልሼ ዘጋሁት።

ዓርብ

ከፈትኩት።

ማክሰኞ እንዲህ ብያለሁ፦ «ፅጌን ደረቷን አቃጥሏታል። ጨጓራ ነው አልኳት፤ የኔም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ። ተልባ በጠበጥኩላት። ጠጣች፣ አገሳች፣ ሳቅን።»

ሐሙስ፦ «ፅጌ ሐኪም ቤት ልሂድ ይሆን አለች። ምን ሐኪም ቤት፣ በርበሬውን ተዪው አልኳት። እሺ ዶክተር ብላ ቀለደችብኝ።»

ዓርብ፣ ልትሞት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ስሟ የለም። እንቢ ስላለኝ አንድ ዚፕ ግማሽ ገጽ ጽፌያለሁ። ስለ ዚፕ!

ስለ እጇ መቀዝቀዝ አንድ ፊደል የለም። ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። ታዲያ ያ በረዶ እጅ ከየት መጣ? እምላለሁ፣ ትዝ ይለኛል፤ ጣቶቿ፣ ቀለበቷ፣ መዳፏ መዳፌ ውስጥ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከእጇ ሥር ምን ነበር? አንሶላ። ነጭ አንሶላ።

ሐኪም ቤት ነው። ከሞተች በኋላ ነው የያዝኩት።

ልቤ ያንን እጅ ከዚያ አንስቶ ወደ ኋላ ወስዶ ማክሰኞ ላይ አስቀመጠው። ልዋሽ ብዬ አልነበረም፤ አምኜው ነው። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን እጇ የሚቀዘቅዘው ማክሰኞ ነው። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ቅዳሜ

ሌላውም እንደኔ ይሆን ብዬ ወጣሁ።

«ከድር፣ በርህን ተደግፋ ያየሃት መቼ ነው?» አልኩት። ሚዛኑን እየወለወለ ቆየ። «ወላሂ እኔ እንጃ… ፅጌ እኮ ሁልጊዜ ትደገፋለች። ወሬ ከጀመረች መቼ ትሄዳለች?» አለና ራሱ ደነገጠ። «ታዲያ እኔ ምን አየሁ?» አለኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

እትዬ በላይነሽ ግን ተቆጡ። «ለህልሜ ምስክር ልጥራልሽ? አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብን!» ኋላ ረገብ ብለው፣ ጥርስ ሲወልቅ በየሳምንቱ እንደሚያዩ፣ መንጋጋቸው ራሱ ስለሚነቃነቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገሩኝ። ሳቅሁ። እሷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አፈርኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? እኛ ደግሞ ብሰን ጅቡ ሲመጣ አይተነው ነበር ብለን የምንምል ውሾች ሆንን።

ጋሽ መኮንን ዛሬም አልቀመሱም። ጉንጫቸው ገባ። ደብተሩን ባነብላቸው ማንም እንዳላወቀ ያያሉ። ግን «ሐኪም ቤት ልሂድ ይሆን» ያለችውንም ይሰማሉ፤ የከለከልኳት እኔ መሆኔንም። ያንን መስመር ዘልዬ ባነብስ ብዬ አስቤያለሁ፤ እዚህ ልደብቀው አልችልም። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበትኖ፣ ቤተሰብ ብዬ የቀረኝ ያ ቤት ነው። በሩን ቢዘጉብኝ ወዴት ነው የምገባው?

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። የእድር ሰዎች ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር፤ ግቢው ሰፍቶ አስጠላኝ።

«ጋሽ መኮንን፣ የማነብልዎት ነገር አለኝ» አልኩ። ማክሰኞን አነበብኩ። ሐሙስ ላይ ስደርስም አልዘለልኩም። ዚፑንም አነበብኩ። ስለ እጇም ነገርኳቸው። ከድርም፣ እትዬ በላይነሽም፣ እኔም፣ ሁላችንም ያወቅነው ከሞተች በኋላ ነው አልኳቸው።

ከዚያ «ሳቃችሁ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ልሂድ ይሆን ስትል… ፈርታ ነበር?»

«እንጃ ጋሽዬ። አልጻፍኩትም። አሁን ብነግርዎት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያው ለምን ከለከልሻት፣ አሰለፍ?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በይ አሁን ብቻዬን ልሁን» አሉኝ። ወጣሁ። ሜሮን በሩን ከኋላዬ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሰኞ

ቀምሰዋል! ሜሮን ጠዋት ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ በላዩ ሻይ። «ለካ ማንም አላየም» አሉ አለችኝ። ስለኔስ ምን አሉ ብዬ ልጠይቃት ስል አፌን ያዝኩ።

አሁን የማክሰኞውን ገጽ ሳነበው ከየመስመሩ ሞት አፍጥጦ ይታየኛል። የጻፍኩት ቀን ግን የታየኝ ተልባ ብቻ ነው። ይሄ ነፃ ያወጣኛል? አያወጣኝም። ሄዳ ቢሆን ትድን ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ቢመጣም አላምነውም።

ከሰዓት ሜሮን ተመልሳ መጣች። አባቷ ደብተሩን ይፈልጋሉ። ሙሉውን።

አመነታሁ። እሳቸውን ያማሁበት ገጽ አለ። ፅጌ ስለሳቸው ያለቀሰችበት አለ። ገበያ ነን ብለን ኦሎምፒያ ማኪያቶ ስንጠጣ የዋልንበት ቀንም አለ። ግን እሷም አለች፣ በየገጹ፣ ስትስቅ፣ ስትሳደብ፣ ጨው ልትበደር ስትመጣ። ሰጠኋት።

ይሄንን የምጽፈው የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ነው። ቤቱ በማዕዘን ስለሚታጠፍ መስኮታቸው ይታየኛል። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘውታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ወደኔ ያዩ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምጽፈው። የትኛው ቀን ላይ እንደደረሱ አላውቅም።