አባቴ ወሩን አልሳተም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ ለዶክተር ረእፈት፤

አላህ ዕድሜና ጤና ከነማስተዋሉ ይስጥልኝ። ማስተዋሉን ለይቼ የምመኝልዎ፣ ሲወሰድ ምን እንደሚመስል በእርስዎው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስላየሁ ነው። ሳንባውን ታሞ እዚያ የተኛው ገበሬ፣ የሀጅ ሸዋድፊ ልጅ ነኝ።

አንደኛ፣ የአባቴን መነጽርና የጆሮ መስሚያ መሣሪያ «እንዳይጠፋ» ብለው ካዝና ውስጥ ስላስቆለፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ዕቃው በእርግጥ አልጠፋም፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲስተር ሰኒያ በየማለዳው መጋረጃውን ከፍታ፣ ፊቱን አጥባው፣ «ሀጅ፣ እስቲ ወራቱን ቁጠርልኝ፤ በየወሩስ ምን ይዘራል?» ትለው ነበር። አብራው ስትቆጥር ስትሳሳት «አንቺ የከተማ ልጅ፣ ባቄላውን የት ጣልሽው?» እያለ ይስቅባት ነበር። እንዲህ ያለው ልምምድ ጽኑ ሕመምተኛ እንዳይቃዥ እንደሚረዳ ያሠለጠናት የእርስዎው ሆስፒታል ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ «ወሬ አበዛች» ብለው ወደ መድኃኒት መጋዘን አዛወሯት። ካርቶኖቹ ከዚያ ወዲህ እንደማይቃዡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ከካይሮ የመጡት ወጣት ሐኪም ወሩን ቢጠይቁት «በረምሃት ነው፣ ልጄ» አላቸው። በእኛ አገር ገበሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የሚያርሰውና የሚያጭደው በቅብጥ ወር ነው፤ «በረምሃት፣ ማሳ ውረድና አምጣ» እየተባልን ነው ያደግነው። ሐኪሙ ግን የሚጠብቁት በዚያው ሰሞን የሚውለውን የፈረንጆቹን ወር፣ «ማርስ» የሚለውን ስለነበር፣ «ይቃዣል» ብለው ጻፉ፤ እጁን ከአልጋው ጋር አሳሰሩት፤ የሚያስተኛ መርፌም አዘዙለት። በእውነት መቃዠት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ትንቢታቸው ስለሠመረ እንኳን ደስ ያላቸው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በትሕትና ማሽሟጠጥ አቃተኝ። ትናንት ለአፍታ አስገብተውኝ የታሰረ እጁን ስይዘው፣ «እመቤት፣ ልጄን ኢንሻራህን አይተሻታል? መንገድ ጠፍቷት ይሆናል» አለኝ። ኢንሻራህ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ፤ ሳንባው ድኖ ቢወጣ እንኳ የማያውቀኝን አባት ይዤ ወዴት እገባለሁ? መነጽሩንና መስሚያውን ይመልሱለት፤ እጁን ያስፈቱለት፤ ሲስተር ሰኒያንም ይመልሱለት። እኔንም ከክፍሉ መስታወት ውጭ አያስቁሙኝ፤ ወራቱን አብሬው ልቁጠር።

ከቢሮዎ ደጃፍ ቆማ፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ባለቻት ቁጥር ለስብሰባው መቃናት የምትጸልይ፣

ኢንሻራህ ሸዋድፊ፣ ከሻርቂያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ወሩን ደግመው ጠየቁት። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «እርስዎ ያሉት ነው፣ ጌታዬ» አለ። ሐኪሙም «መሻሻል አሳይቷል» ብለው ጻፉ።