የእንድሪስ መርፌ

ሁሩሙ
ህዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ወገብሽ ተሽሎሽ ይሆን? ስትደውዪ አባዬ አጠገቤ ስለሚቆም የምለው ይጠፋኛል። ዝም ማለቴን እንደ ኩርፊያ አትቁጠሪብኝ። ወደ ጅዳ የምትመለስ የመቱ ልጅ ስላገኘሁ ነው የጻፍኩልሽ።

የሥራ ውልሽ ላይ ሁለት ዓመት ልትጨምሪ እንደሆነ አባዬ ነገረኝ። ለወንድሜ ለእንድሪስ ያንን እንደ እስክሪብቶ ያለውን ውድ መርፌ ልትገዢለት ከሆነ፣ እባክሽ አትፈርሚ። የላክሽው ጊዜው አልፎ ውስጡ ቡኒ ሆነ። በመስከረም ንብ ስትነድፈው ጤና ጣቢያ ያደረስነው ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። ሲስተር ዘውደነሽ ጭኑ ላይ ወጉትና ዳነ። መድኃኒቱ ያው ነው እማዬ። በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፤ መቱ ፋርማሲ ከአንድ ኪሎ ማር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። በሲሪንጅ ቀድቶ የሚወጋ ሰው ግን ይፈልጋል።

ሲስተር መጀመሪያ ያስተማሩት አባዬን ነበር። ዓይኑ የሲሪንጁን መስመር አልለይ አለው፣ እጁም ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ መሀመድ፣ ከዛፍ ጫፍ ቀፎ እያወረዱ መርፌ ይፈራሉ?» ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ብልቃጡን በጨርቅ ይዤ አንገቱን ሰበርኩ። ለእንድሪስ ክብደት ምልክት እስካደረጉልኝ መስመር ድረስ ውሃ ቀድቼ ብርቱካን ላይ ወጋሁ። እጄ ምንም አላለም። እኔም ገረመኝ።

በጥቅምት ትምህርት ቤት ሳለ እንደገና ንብ ነደፈችው። መድኃኒቱ ቦርሳው ውስጥ ነበር። መምህር መገርሳ ሊረዱት ብለው ሲሰብሩት ብልቃጡ እጃቸው ላይ ደቀቀና መድኃኒቱ ፈሰሰ። የእኔ የትምህርት ፈረቃ ከሰዓት ስለነበር ቤት አገኙኝ፤ ሌላውን ብልቃጥ ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ እንድሪስ መሬት ላይ ተኝቶ ያየኛል፤ መናገር ግን አልቻለም። ወጋሁት። እብጠቱ ሊመለስበት ይችላል ስለተባለ መቱ ሆስፒታል ወስደነው እዚያው አደረ። አባዬ ይህን እንዳልነግርሽ ብሎኛል። ቀፎዎቹንም ለጋሼ ጉርሙ ሰጥቷቸዋል፤ ደክሞኝ ነው ይላል።

አሁን ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ ስለሆነ ንቡ በዝቷል። ስለዚህ እሱ ባለበት ሁሉ አለሁ። እሱ ቀኑን ሙሉ ስለሚማር ጠዋትም ከሰዓትም ከክፍሉ ውጭ ዋንዛ ሥር እቀመጣለሁ። ልጆቹ በኦሮምኛ «ዶክተሯ መጣች» እያሉ ይስቃሉ፤ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲያየኝ የምገባበት ይጠፋኛል። እንድሪስም «አትምጪብኝ፣ ያሾፉብኛል» ይለኛል። ደወል ሲደወል ግን መጀመሪያ የሚያየው ወደ ዋንዛው ነው።

ትምህርትሽ እንዴት ነው ብለሽ ነበር። እንድሪስ በሒሳብ ጎብዟል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ የአራተኛ ክፍልን ትምህርት እኔም እሰማለሁ።

እማዬ፣ ነይልን። መርፌውን አስተምርሻለሁ፤ አንድ ከሰዓት ይበቃሻል። ያንቺ እጅ አይንቀጠቀጥም።

አላህ ከሰው ቤት ድካም አውጥቶሽ በደጃችን ያሳየን። አባዬና እንድሪስ ሰላም ብለውሻል።

ዩኒፎርሜን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ እስከ ክረምት ድረስ ሳይጠበኝ ይቆያል ብዬ አስባለሁ።

ልጅሽ ሳሊሐ