ከጓሯችን በላይ ስላለው ስንጥቅ

ለተከበሩ የተራሮች ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ
ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተደላደለ መሬት ላይ የቆመው ቢሮዎም በመልካም ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሼክ ላም ኦ መንደር ሰዎች ይህ እስከሚጻፍበት ሰዓት ድረስ አለን።

፩. አማቴ ወይዘሮ ላይ ኩዋይ ከጓሯችን በላይ ያለው ተራራ መሰንጠቁን አይተው ሲደውሉ፣ ጸሐፊዎ ላሳያቸው ትሕትና ምስጋናዬ ይድረስ። አማቴ የሃካ ብሔረሰብ ሰው ስለሆኑ የከተማውን ቋንቋ ካንቶንኛን የሚናገሩት እየሰባበሩ ነው። የተራራ ስንጥቅ ለማለት «ሳን ላ» አሉት። እሱ የሰማው «ሳን ካ ላ» ነው፤ ከተሜዎች እንደኛ ያለውን፣ መንገድ በወጉ ያልደረሰበትን ጥግ የሚጠሩበት ስም።

«እማማ፣ ሳን ካ ላ መኖርዎን ከአድራሻዎ አየሁት እኮ» አላቸው እየሳቀ። «አውቶቡስ አይመጣም ለማለት ከሆነ ሌላ ቁጥር ነው።»

«አውቶቡስ ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ ተራራው ነው የሚመጣው» አሉት። ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር።

፪. እኔ ራሴ ደውዬ በጠራ ካንቶንኛ ሳስረዳ፣ ጉዳዩ የትራንስፖርት አቤቱታ ተብሎ ስለተዘጋ ዳግመኛ እንደማይከፈት በአክብሮት ተነገረኝ። ስንጥቁ ግን ጉዳዩ መዘጋቱን አልሰማም መሰለኝ፤ ባለፈው ሳምንት ጣቴን ያስገባ የነበረው ዛሬ ክንዴን እስከ ክርኔ ይውጣል። ባለሙያዎ መጥቶ ካላየው ደግሞ መጠለያ አይሰጠንም።

፫. እፈራለሁ። ይህ አቤቱታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለሌላ ለማን እጽፋለሁ? ዝናብ ጣሪያውን በመታ ቁጥር ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ኋላ ግድግዳ ነው። ትናንት ሩዝ እያጠብሁ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁና ድስቱን ጥዬ፣ አማቴን ታቅፌ በር ላይ ቆምሁ።

«ከርከሮ ነው እኮ፣ ምን ያስበረግግሻል?» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ግን ልብሴን ጨብጠው አልለቀቁም። ከመንደሩ ለመውጣት ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን ደረጃ የሚወርዱበት ጉልበት የላቸውም፤ እኔም ተሸክሜያቸው ሞክሬ ከግማሽ ተመልሻለሁ። ከባድ ዝናብ ያዘለ አውሎ ነፋስ ነገ ይገባል ተብሏል። ክቡርነትዎ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቢልኩልን፣ ሲስቅብንም ቢውል ግድ የለንም።

ለቢሮዎ ወሰን የለሽ ትዕግሥት ከተራራው ሥር ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ ታዛዥዎ፣
ያው ሱክ ፋን

ማስታወሻ፦ ከናዳው በኋላ ቆፋሪዎችዎ በከንቱ እንዳይደክሙ፣ እኔና አማቴ የምንተኛው በባሕሩ በኩል ባለው ክፍል ነው፤ እባክዎ ከዚያ ይጀምሩ።